ሚዛኑ ስለ ቆመ ተስፋ አትቁረጪ

እህቴ፣ በ6 ሳምንት 3 ኪሎ ብቻ ቀነስኩ፣ አሁን ደግሞ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም፣ ልተወው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እባክሽ አትተዪው! በሳምንት ግማሽ ኪሎ ሐኪሞች የሚመክሩት ፍጥነት ነው።

ሚዛን ስብን ብቻ አይለካም። ጨው የበዛበት ወጥ በበላሽ ማግስት ወይም የወር አበባሽ ሲቃረብ ሰውነትሽ ውኃ ይይዛል፤ ስቡ ቢቀንስም ቁጥሩ ባለበት ይቆማል። እኔም በየጠዋቱ እየተመዘንኩ ቀኔን ሁሉ አበላሽ ነበር። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ብቻ፣ ቁርስ ሳልበላ እመዘናለሁ፤ በወር አንዴ ወገቤን በሜትር እለካለሁ። ሚዛኑ ቆሞ ቀሚሴ የሰፋበት ወር ነበር፤ ያን ቀን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

እንጀራን ጨርሰሽ አትተዪ፤ ሁለት ከሆነ አንድ ተኩል አድርጊውና ጎመኑን ጨምሪ። ከፋሲካ በኋላ ቁጥሩ ከፍ ቢል አትደንግጪ፤ በነጋታው ወደ ተለመደው ገበታሽ ተመለሺ።