አንድ ናሙና ዝርያን ይወክላልን?

ጥያቄ፦ በሱሉልታ ሜዳ የማያቸው አንድ ዓይነት ወፎች እንኳ በመጠንና በቀለም ይለያያሉ። ታዲያ በሙዚየም የተቀመጠ አንድ ናሙና ዝርያውን ሁሉ እንዴት ይወክላል?
አንባቢ፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ መነሻ ናሙና የዝርያው አማካይ መልክ ሳይሆን ሳይንሳዊ ስሙ የታሰረበት ችካል ነው፤ አንድ ዝርያ ተብሎ የኖረው በምርመራ ሁለት ሆኖ ቢገኝ፣ ነባሩ ስም ናሙናው ከሚመደብበት ወገን ጋር ይቀራል፣ ሌላው ወገንም ሌላ ስም ይይዛል። ናሙናው ሙሉ አካል መሆኑ እንኳ ግዴታ አይደለም፤ በ1990 እ.ኤ.አ. በነጭ ሳር ሜዳ ከተገኘ አንድ ክንፍ ብቻ በመነሣት፣ በ1995 ካፕሪሙልገስ ሶላላ የተባለች በምሽት የምታድን ወፍ ለሳይንስ ተገልጻለች። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሀገራችን የወሰዳቸው ናሙናዎች በፍራንክፈርት ስለሚገኙ፣ ወጣት ተመራማሪዎቻችን በቀላሉ ሊያመሳክሩባቸው የሚችሉበት መንገድ ቢመቻች አጥብቀን እንመኛለን።