ከስቱኮው ስር

ባለፈው ሳምንት አንዲት የግራፊክስ ተማሪ «ጋሼ፣ ፎቶ ለመስበር የቱ አፕ ይሻላል?» አለችኝ። ግሊች የሚሉትን ማለቷ ነው፤ ምስሉ ተቆራርጦ፣ ቀለሙ ተንሸራቶ የሚታየውን። አፑን ነገርኳት። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ግድግዳ ትዝ አለኝ።

1986 ዓ.ም. ነው። ማስታወቂያ ሠዓሊ ነበርኩ። ፒያሳ አካባቢ አንድ ቡና ቤት ግድግዳ ላይ ጀበናና ስኒ እንድስል ተዋዋልኩ። ተለማማጄ አሮጌውን ቀለም እንዲፍቅ ስፓቱላና ብርጭቆ ወረቀት ሰጥቼው ወጣሁ። ዕድሜው አሥራ ሰባት ነው። ከሰዓት ስመለስ ሥራው ገና ሩቡ አላለቀም። ስቆጣ «ጋሼ፣ እስቲ ይዩት» አለኝ።

አየሁ። መፋቁን ትቶ በምላጭ ቀስ እያለ ይልጠው ነበር። ከላይ ክሬም፣ ከሱ ስር አረንጓዴ፣ ከዚያ ውኃ ሰማያዊ፣ ከዚያ ነጭ ኖራ። ኖራው ላይ በቀይ የተጻፈ ፊደል አለ፦ «...ትቅደም»። የደርግ ጊዜ መፈክር ነው። የእያንዳንዱን ቀለም ጠርዝ ስለተወው ፊደሉ ከጉድጓድ ውስጥ ወደ ላይ የሚያይ ይመስል ነበር።

«እንተወው ጋሼ፤ ጀበናውን ጎኑ ላይ ይሳሉት» ብሎ ለመነኝ።

ደርግ ከወደቀ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። ባለቤቱ ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ፍርሃቱ ብቻ አይደለም፤ ሥራው ለነገ መድረስ ነበረበት። ስቱኮ በጥብጬ በገዛ እጄ ደፈንኩት። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። ልጁ ትንፍሽ አላለም። መሬት የወደቀውን የቀለም ቅርፊት ለቃቅሞ በጋዜጣ ጠቀለለና ይዞት ሄደ። በሳምንቱ ሥራ አልመጣም። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ነገሩ ለእኔ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ያደግኩበት የጭቃ ቤት ግድግዳው በጋዜጣ የተለጠፈ ነበር። እናቴ ለእንቁጣጣሽ በላዩ አዲስ ትለጥፋለች። እኔ ጥግ ጥጉን እየቀደድኩ የአምናውንና የካቻምናውን አነብ ነበር። ስንቴ ተገርፌበታለሁ!

ከብዙ ዓመት በኋላ ቪልስ የሚባለውን የፖርቱጋል ሠዓሊ ሥራ አየሁ። እሱ ግድግዳውን በመሮ፣ በመዶሻና በድሪል እየፈለፈለ የሰው ፊት ያወጣል። በፈንጂም ሠርቷል። በ2008 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ የመንገድ ሠዓሊ ባንክሲ ለንደን ባዘጋጀው «ካንስ ፌስቲቫል» በተባለ የመንገድ ሥዕል ትርኢት ላይ የቀረጸው ፊት ስሙን አስጠራው። ከሊዝበን ማዶ ሴይሻል ሲያድግ፣ የአብዮቱ የግድግዳ ሥዕሎች እየደበዘዙ በንግድ ፖስተር ሲሸፈኑ ያይ ነበር። የእነሱ አብዮት በእኛ አቆጣጠር 1966 ነው። የእኛም በዚያው ዓመት ነው የፈነዳው። ይህን ሳውቅ የደፈንኩት ግድግዳ ዓይኔ ላይ መጣ።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። ጄፔግ የሚባለው የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት ፎቶውን ስምንት በስምንት ፒክስል በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ይከፍለዋል። የአንዱ ካሬ ብርሃን የሚጻፈው ከፊተኛው ካሬ ባለው ልዩነት ነው። በሄክስ ኤዲተር፣ ማለትም ፋይሉ የተሠራበትን ቁጥር በሚያሳይ ፕሮግራም፣ መሃሉ ላይ ጥቂት ቁጥር ብትነኩ ስህተቱ ለተከታዮቹ ይተላለፋል፤ ቀለሙ የሚንሸራተተው ለዚህ ነው። የፋይሉን መጀመሪያ ከነካችሁ ግን ላይከፈት ይችላል። በእጁ የሞከረ ሰው የት እንደሚሰብር ይመርጣል። አፑ የሁላችሁንም ፎቶ አንድ ዓይነት አድርጎ ይሰብረዋል። የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። ስር ያለውን ሳታዩ ስብራቱን ብቻ ትፈልጋላችሁ። ከመስበራችሁ በፊት የፎቶውን ኮፒ ያዙ አልላችሁም፤ እሱን ታውቁታላችሁ።

መሥራት ሳትችሉ አታፍርሱ ልላችሁም ነበር። ለተማሪዎች ሁሌ የምለው ነው። ግን ያ ልጅ አንድ ፊደል ቀጥ አድርጎ መጻፍ ገና አልቻለም ነበር። ያየው እሱ ነው። መጻፍ የምችለው እኔ ደፈንኩት። የቸኮልኩትም እኔ ነኝ።

ቡና ቤቱ ዛሬ የለም። አንተ ልጅ፣ አሁን ወደ ሃምሳ ተጠግተሃል። ይህ ከደረሰህ፣ ልክ አንተ ነበርክ። ያ በጋዜጣ የጠቀለልከው ቅርፊት ካለህ ባየው ደስ ይለኛል።