ሥሩ ብርቱካን፣ ጫፉ ጥቁር

ጥያቄ፦ ጠይም ነኝ። ፀጉሬ ሪላክሰር አለው፤ ከስምንት ወር በፊት ደግሞ ጥቁር ቀለም ተቀብቼ ነበር። ባለፈው ሳምንት ቁጥሩ 6.3 የሆነ ቡናማ ቀለም ገዝቼ ቤት ብቀባው ሥሩ ብርቱካን መሰለ፣ ጫፉ ግን ንቅንቅ አላለም። ካርቶኑ ላይ ያለችው ልጅ ፀጉር ወለላ ይመስላል። ቀለሙ የተበላሸ ነው? ለእኔስ የትኛው ቡናማ ይሄድልኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀለሙ ደህና ነው። የካርቶኑ ሥዕል የሚያሳየው ከመነሻው ፈካ ባለ ፀጉር ላይ የሚወጣውን ነው፤ ሥዕሉን ተዪና ቁጥሩን አንብቢ። ከነጥቡ በፊት ያለው ደረጃው ነው፦ 1 ጥቁር፣ 3 ጠቆር ያለ ቡናማ፣ 4 መካከለኛ ቡናማ፣ 5 ፈካ ያለ ቡናማ። 6 በብዙ አምራቾች አቆጣጠር ጭራሽ ከቡናማ ወጥቶ ጠቆር ያለ ብሎንድ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው ፀሐይ ሲመታው የሚታየው ነጸብራቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 1 አመድማ፣ 3 ወርቅማ፣ 4 መዳብማ፣ 5 ማሆጋኒ (ወይን ጠጅ የቀላቀለ ቀይ) ነው፤ ግን አምራቾች ስለሚለያዩ የዚያኑ ቀለም ሰንጠረዥ እዪ።

የእኛ ፀጉር በተፈጥሮው ከ1 እስከ 3 ነው። 6 በመቶ ኦክሲጅን (ከቀለሙ ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ) የሚያነሳው፣ ማለትም የሚያፈካው፣ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ብቻ ስለሆነ እስከ 6 አያደርስሽም። ጥቁሩ ሲነሳ ደግሞ ከውስጡ የሚወጣው መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ብርቱካን ነው። አንቺ በዚያ ላይ ወርቅማ ጨመርሽበት። የራስ ቅል ሙቀትም ቀለሙን ስለሚያፋጥነው ሥሩ ከሌላው ቀድሞ ፈካ። ጫፉ ያልተነካው ቀለም ቀለምን ስለማያነሳ ነው፤ የድሮውን ጥቁር የሚያወጣው ብሊች ወይም ቀለም ማስለቀቂያ ብቻ ነው።

ለጠይም ፊት 4.3 ወይም 4.35 ጥሩ ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ቸኮሌት ተብሎ ይሸጣል። ቀይ ዳማ ከሆንሽ እስከ 5.3 መሄድ ትችያለሽ። ጠቆር ላለ ፊት 3 ወይም 4 ከማሆጋኒ ጋር ያምራል። አመድማ ቀለም ሙሉ ራስ ላይ ሲቀባ ጠይም ፊትን ቅባት ያልነካው ያስመስለዋል፤ ፋሽን ነው ቢሉሽም ተዪው። ከተፈጥሮሽ ከሁለት ደረጃ በላይ አትራቂ። ናሙናውንም በአምፖል ሳይሆን በቀን ብርሃን፣ ፊትሽ አጠገብ ይዘሽ እዪ።

አሁን ሥሩን እናስተካክል። ከተቀባሽ ሁለት ሳምንት ይሙላው። 20 ግራም 4.0 (ነጸብራቅ የሌለው) እና 10 ግራም 4.1 ከ45 ግራም 3 በመቶ ኦክሲጅን ጋር በፕላስቲክ ሳህን ቀላቅዪ፤ የብረት ሳህን አይሆንም። ቱቦው ላይ ሌላ መጠን ከተጻፈ እሱን ተከተዪ። እዚህ ላይ ነው አመድማ የሚጠቅመው፦ ውስጡ ያለው ሰማያዊ ብርቱካኑን ይገድለዋል። ፀጉርሽን አራት ቦታ ከፍለሽ ብርቱካን የሆነው ላይ ብቻ ቀቢ፣ ወደ ጥቁሩ አትጎትቺው። በየአምስት ደቂቃው አንድ ዘለላ ጠርገሽ እዪ፤ ብርቱካኑ ሲጠፋ ታጠቢ። ወርቅማውን አሁን ደግመሽ ብትቀቢ ብርቱካኑን ታደምቂዋለሽ።

ጫፉን ቤት ውስጥ ብሊች አታድርጊ። ሪላክሰር ያዳከመው ፀጉር ብሊች ሲጨመርበት ማበጠሪያ ላይ እየተበጠሰ ይቀራል። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ በየሁለት ወሩ ጫፉን እያስቆረጥሽ ጥቁሩን አስወጪው። እስከዚያ ሥሩ ቡናማ ጫፉ ጥቁር መሆኑ እንኳን አያስከፋም።

ቀጥሎ አዲስ የበቀለውን ብቻ በ4.3 እና በ6 በመቶ ኦክሲጅን ቀቢ። ሪላክሰርና ቀለም በአንድ ቀን አይገናኙ፤ ሪላክሰሩ ይቅደም፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀለሙ። ሽበት ካለ 4.3 ብቻውን አይሸፍነውም፤ ግማሹን 4.0 አድርጊውና የተጻፈውን ሰዓት ሙሉ አቆዪው። ድንግል፣ ማለትም ኬሚካል ነክቶት የማያውቅ፣ ፀጉር ሙሉ በሙሉ የምትቀባ ጓደኛ ካለሽ ደግሞ ከራስ ቅል ሁለት ሴንቲ ሜትር ርቃ ከርዝመቱ ትጀምር፣ ሥሩን መጨረሻ ላይ ትቀባ።

በየጊዜው ከመቀባትሽ 48 ሰዓት በፊት ከጆሮሽ ኋላ ጥቂት ሞክሪ። ጥቁር ሂና አሳክኮሽ ወይም አቁስሎሽ የሚያውቅ ከሆነ ግን ሙከራውንም ተዪውና መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም አማክሪ፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ የሚጨመረው ፒፒዲ የሚባለው ኬሚካል በአብዛኛው ቋሚ ቀለም ውስጥም አለ።