በእቁብ ብር «ያረጀ» ጊታር ልግዛ ወይ?

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ዕድሜህ 24 ነው። የምትኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ቀን ቀን ዕቃ ታደርሳለህ፣ ቅዳሜና እሁድ ማታ ሐበሻ ሬስቶራንት ውስጥ ከባንድ ጋር ጊታር ትመታለህ። አሁን አንድ የፌንደር ከስተም ሾፕ ስትራቶካስተር የሚባል የኤሌክትሪክ ጊታር ልብህን ወስዶታል። ፋብሪካው ራሱ ሆን ብሎ ያስረጀው፣ ቀለሙ የተላጠ፣ ብረቱ የዛገ፣ ዋጋው 4,800 ዶላር። በሚመጣው ወር ደግሞ የ5,000 ዶላር እቁብ ይወጣልሃል። «ይህን ብይዝ እንደ ባለሙያ ይቆጥሩኛል፣ ልግዛው ወይ?» ነው ጥያቄህ። በዚያ ላይ እናትህ ነርሲንግ ተማር እያሉህ ነው፣ የመድረክ ስምም እንድመርጥልህ ፈልገሃል።

ስሙን ተወው፣ እናት አባትህ ያወጡልህ ይበቃል። ነርሲንግን ካልወደድከው አትግባበት፤ እናትህ የሚያስጨንቃቸው የቤት ኪራይህ ነው፣ ኪራይህን በጊዜው ስትከፍል ሲያዩ ይረጋጋሉ።

ጊታሩ ላይ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ፌንደርን አልወቅስም። እነዚህን ሬሊክ የሚባሉ ጊታሮች ማምረት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ጊታሮች ዋጋ ሰማይ ሲወጣ፣ ሰው ያንን መልክና ያንን የእጅ ስሜት በአዲስ ዕቃ ላይ ፈለገ። የድሮው ናይትሮሴሉሎስ ቀለም ስስ ነው። በሙቀትና በብርድ ይሰነጠቃል፣ በክንድና በላብ ይላጣል። ይህንኑ በጥቂት ቀን በእጅ ሠርተው ያመጡታል። ይዤ ተጫውቼባቸዋለሁ፣ ውሸት የላቸውም። የአንገቱ ጠርዝ ክብ ስለተደረገ እጅ ላይ ይለሰልሳል፣ ፒክአፖቹ (የክሩን ንዝረት ወደ አምፕሊፋየር የሚያሳልፉት) ግሩም ናቸው፣ ደግሞም እንዳይጫርብህ እየተሳቀቅክ አትጫወትም። አሁን የምልህን የምልህ ዕቃው መጥፎ ስለሆነ አይደለም።

ግን የምትከፍለው ለምን እንደሆነ ለይተህ እወቅ። የአንገቱን ጠርዝ የሚያለሰልስልህ ጥሩ ጠጋኝ ከተማህ ውስጥ አለ። ፒክአፕ ለብቻው ይሸጣል። የቀረው መላጡና መዛጉ ነው፣ እሱ ደግሞ ድምፅ የለውም።

የአየርላንዱን ሮሪ ጋላገርን አስበው። የ1961 ስትራቶካስተሩን በ1963 ኮርክ ከተማ በ100 ፓውንድ ገዛ። ገና 15 ዓመቱ ነበር። በ1995 እስኪሞት ድረስ ተጫወተበት፣ ላቡ ቀለሙን በልቶ እንጨቱ ገጦ ቀረ። «እሱም በዱቤ ነው የገዛው» ልትለኝ ትችላለህ። እውነት ነው። ግን የዳንስ ባንድ ውስጥ ገብቶ በዚያው ጊታር እየሠራ ነው ዕዳውን የከፈለ። አንተስ? በማታ 120 ዶላር፣ በሳምንት 240 ይሰጡሃል። ጊታሩ 4,800 ነው፣ የቨርጂኒያ ታክስ 288 ሲጨመርበት 5,088 ይሆናል፣ እቁብህ ራሱ አይሸፍነውም። የሃያ አንድ ሳምንት የመድረክ ገቢህ ነው ማለት ነው፣ ያውም ነዳጅና እራት ሳይቀነስ። ደግሞ ጊታርህ ስለተላጠ የሬስቶራንቱ ባለቤት 130 አያደርግልህም።

ስለ እቁቡ ደግሞ እንዳትቀየመኝ፣ በግልጽ ልናገር። አሥር ሰው ናችሁ፣ በወር 500 ትጥላላችሁ፣ ላንተ ሁለተኛው ዕጣ ደረሰህ። የምትቀበለው 5,000 ውስጥ ያንተ 1,000 ብቻ ነው። 4,000ው የሰው ነው፣ ስምንት ወር ትከፍለዋለህ። ዋስህ ማን ናቸው? እናትህ። በጥር በረዶ ጥሎ ሥራ ቢቀዘቅዝ፣ መኪናህ ቢበላሽ፣ እቁቡን የሚጥሉልህ እሳቸው ናቸው፣ ካልሆነላቸውም ሰንበቴ ላይ አንገታቸውን የሚደፉት እሳቸው ናቸው። ነርሲንግ ተማር ማለታቸው ጫና ሆኖብኛል ብለሃል፤ አንተ ሳትነግራቸው የጫንክባቸው ግን ከዚያ ይከብዳል። ብሩ ለጊታር እንደሆነ ብትነግራቸው ዋስ የሚሆኑህ ይመስልሃል?

ደብዳቤህ ውስጥ ያመመኝ ሌላ መስመር ነው። የባንዱ መሪ ስኳየርህን፣ ያቺን የፌንደር ርካሽ ጊታር፣ አይቶ «ይሄ የልጅ ጊታር ነው» አለህ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ይህ ሐሳብ የገባብህ። እኔም አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ስጫወት ጊታሩ የባንዱ ባለቤት ንብረት ነበር። በሰው ፊት «የኔን ዕቃ አስቀምጥ» ተብዬ ባዶ እጄን ከመድረክ ወርጃለሁ። ስሜቱን አውቀዋለሁ። አሜሪካ ስመጣ የመጀመሪያ ደሞዜን ውድ ጊታር ላይ አዋልኩ፣ በአራተኛው ወር ለኪራይ ብዬ በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት። ከዚያ በኋላ እንጀራዬን ያገኘሁት አንድ ጥገና ቤት ወለል እየጠረግኩ ፍሬት (የአንገቱን ብረቶች) ማስተካከልና መበየድ ስለተማርኩ፣ ቀጥሎም ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ ድምፅ ስለቀረጽኩ ነው።

አንተን ባንድ የሚፈልግህ በምን እንደሆነ ልንገርህ። ዘፋኟ መድረክ ላይ ዞር ብላ «ዝቅ አድርግልኝ» ስትልህ ሳትደናገጥ ቁልፉን መቀየር ስትችል። ችክችካውን ሳትቸኩል ሌሊቱን ሙሉ ስትይዝ። ከባቲ ወደ አንቺሆዬ ስትሻገር ጣትህ ካልተሳሳተ። የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩምን አስታውስ። ያ ሁሉ ሕዝብ ጊታሩን በካሴት ነው የሰማው፣ ቀለሙ ይላጥ አይላጥ ያየ የለም።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ሜክሲኮ የተሠራ ያገለገለ የፌንደር ፕሌየር ስትራቶካስተር ፈልግ፣ 600 ዶላር አካባቢ ታገኛለህ። ለጠጋኝ ሰጥተህ ሴታፕ አስደርግ፣ የክሩን ከፍታና ቅኝቱን ያስተካክልልህ። ጥሩ ገመድና መቃኛ ግዛ። ቀጥሎ የድምፅ ቀረጻ ኮርስ ተመዝገብ፣ ባንዱ በማይሠራበት ቀን ሚክሰር ላይ ቆመህ የምትከፈልበት ሙያ ነው። የቀረውን ለእቁቡ ለብቻ አስቀምጥ፣ አትንካው።

ሬሊኩ ከልብህ አልወጣ ካለ፣ እቁቡ ካለቀና የስድስት ወር ኪራይ ከያዝክ በኋላ ያገለገለ ግዛ። አዲስ ሲገዛ የሚወርደውን ዋጋ የመጀመሪያው ባለቤት ይሸከመው። ከዚያ በፊት ግን ሱቅ ሂድና ሁለቱን ጊታሮች፣ ሬሊኩንና ፕሌየሩን፣ በአንድ አምፕሊፋየር፣ በአንድ ድምፅ መጠን ሰካቸው። ጓደኛህ እያቀያየረ ይምታልህ፣ አንተ ጀርባህን ሰጥተህ ስማ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይተህ ካወቅክ ጻፍልኝ፣ ያኔ እንደገና እንነጋገራለን።

ስኳየርህን ግን እንዳትሸጣት። ክር የሚበጠሰው ሁልጊዜ ዘፈኑ መሃል ነው፣ ሁለተኛ ጊታር ከጎንህ ያስፈልግሃል።