ከሐዋሳ ወጥቶ በዕለቱ መመለስ

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በሐዋሳ ከተማ ነው። በሚቀጥለው ወር ወላጆቼ ከደብረ ማርቆስ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። አባቴ ሐይቅ ቀርበው አይተው አያውቁም፤ እናቴ ደግሞ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዳገት አይሆንላቸውም። ቅዳሜ መኪና ተከራይቼ ሻላን፣ ወንዶ ገነትንና ይርጋለምን በአንድ ቀን ላሳያቸው አስቤአለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

አንዲት አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ሦስቱን በአንድ ቀን ማዳረሱን ይተዉት። ሻላ በስተሰሜን፣ ይርጋለም በስተደቡብ ስለሆኑ ወላጆችዎ ቀኑን በመኪና ውስጥ ተቀምጠው ይጨርሱታል። ለአንድ ቀን አንድ አቅጣጫ ይበቃል፤ የመጀመሪያውም ቀን ለራሷ ለሐዋሳ ይሁን።

ጠዋት በማለዳ በሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ይውሰዷቸው። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ሲመለሱ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የሚጣልላቸውን አንጀት እየጠበቁ በሰው መካከል ሲንጎራደዱ፣ ጉሬዛዎቹም ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ አባትዎ በአንድ ቦታ ሆነው ያያሉ። ጀልባ ከፈለጉ ያን ጊዜውኑ ይሳፈሩ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ሐይቁ ይናወጣል። ሕይወት አድን ጃኬት ሳይለብሱ አይሳፈሩ፤ ባለጀልባውም ወደ ጉማሬዎቹ እንዳይጠጋ አስቀድመው ይንገሩት። ታቦር ተራራ ላይ አባትዎ ብቻ ቢወጡ ይሻላል። ሐይቁ ከከተማዋ በስተምዕራብ ስለሚገኝ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባ ሆና ውኃውን ወለል አድርጋ ታሳያለች፤ ከቀትር በኋላ ግን ፊት ለፊት ትወጋለች። ሲመሽ ሁለቱም ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ሜዳማ መንገድ ቀስ ብለው እየተራመዱ የጀንበሯን መጥለቅ ሊያዩ ይችላሉ።

ሁለተኛው ቀን የእናትዎ ነው። ወንዶ ገነት በሻሸመኔ በኩል ቅርብ ሲሆን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያርፉበት የነበረው ይህ ደን ያለበት ስፍራ በፍል ውኃው ይታወቃል። ለደከመ ጉልበት ሙቅ ውኃ ደስ ይላል፤ ይሁን እንጂ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባቸው ሐኪማቸውን አስቀድመው ይጠይቁ፣ በውኃው ውስጥም ብዙ አይቆዩ። ቅዳሜና እሑድ ሰው ስለሚበዛ በሥራ ቀን መሄዱ ይመረጣል።

ሙሉ ቀን የሚገባው የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ሁለቱ ሐይቆች ጎረቤት ቢሆኑም ጠባያቸው እጅግ ይለያያል፤ ሻላ 266 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው፣ በአገራችን እጅግ ጥልቅ ከሚባሉት ሐይቆች አንዱ ሲሆን፣ አብያታ ግን ጥልቀት የሌለው በመሆኑ፣ መጋቢ ወንዞቹ ለመስኖ ሲጠለፉና ውኃው ለሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ ለሚሆን ኬሚካል) ምርት ሲሳብ ዳርቻው ከዓመት ዓመት ወደ ኋላ ሸሽቷል። ስለዚህም አብያታን ማየት ለነገ የሚባል አይመስለኝም። ሁለቱን ሐይቆች በአንድነት ከሚያሳየው ከፍታ ላይ ቆመው አባትዎ ልዩነቱን በዓይናቸው ቢያዩት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። ፍላሚንጎ የሚባሉትን የውኃ ወፎች ለመቅረብ ብለው ግን መኪናውን ወደ አብያታ ዳርቻ አይንዱ፤ ከላይ የደረቀ የሚመስለው መሬት ከሥሩ ጭቃ ነው። በሻላ ዳር ከሚፈሉት ምንጮችም ይራቁ፤ ውኃቸው ያቃጥላል።

ይርጋለም ትርፍ ቀን ከተገኘ የሚኬድበት ነው። የቀድሞው የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረችው ይህች ከተማ ከአፖስቶ መገንጠያ ትንሽ ገባ ብላ ትገኛለች፤ መንገዱ በቡናና በእንሰት መካከል ስለሚያልፍ ወላጆችዎ ከጎጃም የተለየ የእርሻ አገር ያያሉ። ከእንሰትና ከቅቤ የሚሠራውን የሲዳማ ምግብ፣ ቡርሳሜንም ሳይቀምሱ አይመለሱ።

ወሩ ክረምት ላይ የሚውል ከሆነ ግን የፓርኩ የውስጥ መንገድ ስለሚጨቀይ፣ ሻላን ለሌላ ጊዜ አቆይተው የዚያን ቀን ለይርጋለም ይስጡት።