«መቼም» የምትል አራስ

«ባለቤቴ ከወለደች ሦስት ወሯ ነው። ሁለት ቀን አምጣ በኦፕራሲዮን ተገላገለች። ልጁ ደህና ነው። እሷ ግን ታለቅሳለች፣ እሱ ተኝቶም እንቅልፍ አይወስዳትም፣ ‹እኔ መቼም እናት አልሆንም› ትላለች። እናቴ ‹ብቻዋን ትተናት ነው፣ ጠበል እንውሰዳት› ትላለች። ብቆጣም ባባብልም ለውጥ የለም።» ከአዳማ

ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ብቻችሁን ስትሆኑ ረጋ ብለህ ጠይቃት፦ «መኖር አስጠልቶሻል? ራስሽን ወይ ልጁን ልጉዳ የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል?» አዎ ካለችህ፣ ወይም የሌለ ድምፅ ከሰማች፣ ሳታድር ሆስፒታል ውሰዳት። መጠየቅህ ሐሳቡን አያመጣባትም።

የጻፍከው የድኅረ ወሊድ ድብርት ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከወለዱ አምስት እናቶች አንዷ ገደማ በአእምሮ ሕመም፣ በአብዛኛው በድብርት፣ ትያዛለች።

እኔን የያዘኝ ግን «መቼም» ያለችው ነው። የተደበረ ሰው ትዝታው ይጨፈለቃል። «ከልጅሽ ጋር ደስ ያለሽን አንድ ጊዜ ንገሪኝ» ብትላት «ሁልጊዜ ያለቅሳል» ትልሃለች፤ አንዱን ቀን ከሌላው ነጥላ አታወጣውም። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርክ ዊሊያምስ ይህን የጻፈው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኋላ ከቤልጂየም ባልደረቦቹ ጋር ለድብርት ሕክምና የሚሆን ልምምድ አወጡለት። ባለሙያው አንድ ቃል ይሰጣል፤ ታካሚዋ ከአንድ ቀን ያልበለጠ አንድ ነገር ትፈልጋለች፤ የት ነበር፣ ማን ነበረ፣ ምን ሸተተ። አንዲት እናት ሦስት ቀጠሮ ሙሉ «ምንም የለም» ስትለኝ ቆይታ፣ «ሳሙና» ስላት ዝም አለች። ከዚያ ማክሰኞ ጠዋት ልጇን ስታጥብ በአረፋ እጁ አውራ ጣቷን ጭብጥ እንዳደረጋት ነገረችኝ። ስትናገር ጣቷን እያየች ነበር።

ልምምዱ ብቻውን አይበቃ ይሆናል። ሐኪም መድኃኒት ሊያዝላት ይችላል፣ እያጠባች የምትወስደውም አለ። ምጡ በቅዠት የሚመለስባት ከሆነ ግን ያ ሌላ ሕክምና ይፈልጋልና ቤት ውስጥ አትቆስቁሱት። የልጁ የ14ኛ ሳምንት ክትባት ደርሷል፤ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የእሷንም አብራችሁ ንገሯቸው።

እናትህ ብቻዋን አትተዋት ማለታቸው ልክ ነው። ጠበሉም ሕክምናውን ካላስቀረ አልጣላውም። እንደኔ ግን ከሁሉ በፊት ሌሊት ልጁን ይያዙላትና ትተኛ። (በአራስ ቤት ገንፎውን የሚበላው ጠያቂ፣ እንቅልፍ የምታጣው አራሷ ናት!)

አንተም «ለምን አትደሰቺም?» ማለቱን ተው። ማታ ያየኸውን አንዲት ነገር ንገራት፦ «ቅድም ስታጠቢው ነጠላሽን ይዞ አልለቅ ብሎ ነበር።» «አላየሁም» ካለችህ አትከራከራት፤ ነገ ሌላ ታያለህ።