መልስ፦ ደጀን ላይ መንቀጥቀጥ ስለጀመረው መኪናዎ

ከዓባይ በረሃ ወጥተው ደጀን ሲደርሱ መኪናዎ መንቀጥቀጥ እንደጀመረና ቢጫው የሞተር ምልክት ብልጭ ድርግም እንደሚል ገልጸው፣ እስከ ደብረ ማርቆስ መንዳት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እባክዎ አይንዱት። ምልክቱ ሳይጠፋ በርቶ የሚቆይ ብቻ ቢሆንና መኪናውም ባይንቀጠቀጥ ኖሮ ቀስ ብለው ጋራዥ ሊደርሱ ይችሉ ነበር፤ ብልጭ ድርግም ማለቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሲሊንደሮቹ (ቤንዚን ከሚቃጠልባቸው የሞተሩ ክፍሎች) አንዱ በትክክል እያቃጠለ አለመሆኑን፣ ያልተቃጠለው ቤንዚንም ወደ ጭስ ማውጫው አልፎ እዚያ ያለውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር (የጭሱን መርዛማ ጋዝ የሚቀንሰውን ክፍል) ከመጠን በላይ እያጋለው መሆኑን ያመለክታል፤ የእሱ ዋጋ ደግሞ ቤንዚኑን በብልጭታ ከሚያቀጣጥለው ከካንዴላ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሞተሩን አጥፍተው መካኒክ ያስጠሩ። የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበው የብልሽት ኮድ በመመርመሪያ መሣሪያ ሲነበብ ለምሳሌ ፒ0302 ቢል ችግሩ ያለው ሁለተኛው ሲሊንደር ላይ ነው፤ መኪናው በየካንዴላው ላይ የራሱ ኮይል (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጥ ዕቃ) ያለው ከሆነ ያንን ኮይል ከሌላው ሲሊንደር ኮይል ጋር ያቀያይሩት፣ ኮዱም ኮይሉን ተከትሎ ወደዚያኛው ሲሊንደር ከሄደ የተበላሸው ኮይሉ ነው። የእኔ መኪና እዚያው ዳገት ላይ እንዲህ በሆነች ጊዜ ካንዴላው ሲፈታ ጫፉ በቤንዚን ርሶ ነበር፤ ነጩ ሸክላም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበረበት። ስለዚህ ካንዴላዎቹ ወጥተው በዓይንዎ ሳያዩዋቸው ውድ ዕቃ እንዲቀየር አይፍቀዱ።